አባቴን ማን ይሸከም?

አባቴ ናኡፋሁ የሞተው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 11 ቀን 1967፣ ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሰዓቱን የማውቀው ራስጌው ተቀምጦ የነበረው ፓስተር ማካ የእጅ ሰዓቱን አይቶ ስለነገረኝ ነው። እኔ እግርጌ ነበርኩ። በእኛ ዘንድ ልጅ ከአባቱ ራስጌ አይቀመጥም።

አራት ዓመት ታሞ ሲተኛ ያበጡ እግሮቹን ጠዋትና ማታ ያጠብኩት እኔ ሴት ልጁ ነኝ። ራሱን ግን አንድም ቀን ነክቼው አላውቅም። ፀጉሩን የምትቆርጥለት የፓስተሩ ሚስት ነበረች፤ ከሌላ ደሴት የመጣች ባዳ ስለሆነች አያስነውራትም። ከሳህኑ የተረፈውን ጎደሬ ለአሳማ እደፋለሁ እንጂ አልቀምስም። ደንቡ እንዲህ ነው። አባት ከልጁ በላይ ነው። ከአባት በላይ እህቱ አለች። የእህቱ ልጅ ደግሞ፣ እኛ ፋሁ የምንለው፣ በአጎቱ ቤት ላይ ጌታ ነው፤ የአጎቱን አሳማ ቢያርድ፣ ጀልባውን ቢወስድ፣ ተው የሚለው የለም። አጎቱ የሞተ ቀን ሬሳው ራስጌ የሚቀመጠው እሱ ነው፤ ለቀስተኛው የሚያመጣው ሰሌንና ከዛፍ ቅርፊት የተቀጠቀጠ ልብስ ሁሉ የእሱ ነው፤ በእኛ አገር ሀብት ማለት ሰሌን ነው። ልጆቹ እኛ የተቀዳደደ ትልቅ ሰሌን ታጥቀን፣ ከቤት ጀርባ ጭስ እየጠጣን፣ የጉድጓድ ምድጃውን እንጠብቃለን።

ደንቡን አልነቅፍም። ብዙ ቤት ፋሁ ማለት አልቃሽና አጽናኝ ማለት ነው። ለእኛ የደረሰን ግን ሊሲአቴ ነበር።

ሊሲአቴ የአክስቴ የፊፊታ ልጅ ነው። ደሴታችን እሳተ ገሞራ ነው፤ እሳቱ በ1946 ከመንደራችን ሥር ፈንድቶ ሲወጣ አብረን ሸሽተናል፤ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እሱ ጎረምሳ። የቀለጠው ድንጋይ ቤቶቹን ሲበላ ከላይ ከገደሉ አፋፍ ቆመን አየነው። አንድም ሰው አልሞተም። አባቴ እድሜውን ሙሉ የሚደጋግመው ይህንን ነበር፦ «አንድ ሰው እንኳ አልገደለም እኮ! ቀስ ብሎ፣ አስጠንቅቆ፣ ዕቃችሁን አውጡ ብሎ ነው የመጣው። ከስንቱ ጎረቤት ይሻላል።» ቢሆንም መርከብ ተልኮ ደሴቱ በሙሉ ባዶ ሆነ፤ ኤዋ የሚባል ደሴት ላይ አሰፈሩን። የኤዋ ሰዎች ክፉ አልነበሩም። አባቴ ግን አፈሩን ናቀው። «ቀዝቃዛ ነው፤ የሞተ አፈር ነው» ይል ነበር። የእኛ ደሴት ቀለበት ነው፤ መሃሉ ሐይቅ። ከሐይቁ ዳር ያለው አፈር ከሥር ይሞቃል፤ ማላው የምትባል ወፍ እንቁላሏን እዚያ ቀብራ ትሄዳለች፣ ምድሪቱ ትፈለፍልላታለች። አባቴ በ1958 መመለስ ሲፈቀድ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ተመለሰ። የእህቱ ወገን በሙሉ ኤዋ ቀረ። ሊሲአቴም እዚያው ቀርቶ ወፈረ፤ የመዘምራን አለቃ ሆነ፤ አጎቱ ታሞ በተኛባቸው አራት ዓመታት አንዲት ቃል አልላከም።

አባቴ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር። በመጨረሻው ወር ደጋግሞ «ፉሲ» አለኝ፣ «ከሐይቁ ዳር፣ ማላው ከምትቆፍርበት። ሞቼም ብርድ አልወድም።»

«እሺ አባባ» አልኩት።

በሞተበት ዕለት ረፋድ ላይ መርከብ ታየ። መርከብ ወደ እኛ የሚመጣው በሁለት በሦስት ወር አንዴ ነው። ወደብ የለንም፤ ራቅ ብሎ ይቆማል፣ ወንድሜ ፔኒሲማኒ ጀልባውን ይዞ ይሄዳል። ጀልባዋ ጥቁሩን ድንጋይ ስትጠጋ ማዕበሉ ያነሳታል፤ ከድንጋዩ እኩል ስትሆን መዝለል ነው። አንድ ትንፋሽ ከዘገየህ ጀልባዋ ከእግርህ ሥር ጉድጓድ ገብታለች።

ሊሲአቴ መርከቡ ላይ ነበር። የአጎቱን መሞት አያውቅም። የመጣው ልጁን ሊድር ስለሆነ ከአጎቱ ሰሌን ሊጠይቅ ነው። ሞቱን የነገረው ጀልባው ላይ ወንድሜ ነው።

«ምን አለህ?» አልኩት በኋላ ፔኒሲማኒን።

አላየኝም። «ለቀስተኛ መጥቷል ወይ አለኝ።»

«ሌላስ?»

«ብዙ ሰሌን አመጡ ወይ አለኝ።»

ድንጋዩ ላይ እግሩ እንዳረፈ ግን ጩኸቱን ለቀቀው። «አጎቴ! አጎቴ! ጥለኸኝ ሄድክ ወይ!» እያለ ዳገቱን ሲወጣ የመንደሩ ውሻ ሁሉ ይጮህ ጀመር። ከምድጃው አጠገብ ጎደሬ ትልጥ የነበረችው አኬሳ ቢላዋዋን አስቀመጠች። አኬሳ የአባቴ ታናሽ ወንድም ባልቴት ናት፤ ጥርስ የላትም፣ ምላሷ ግን ለሁለት ይበቃል።

«ማነው እንደሱ የሚያለቅሰው?»

«ሊሲአቴ ነው፤ የፊፊታ ልጅ።»

«እኔስ አሳማ አመለጠ ብዬ ነበር» ብላ ልጣጯን ቀጠለች።

ገብቶ ራስጌ ተቀመጠ። ፋሁ ነውና ወገቡ ላይ ትንሽ፣ ቀጭን፣ ያማረ ሰሌን አሰሩለት። ያን ቀን የሠራውን በጓሮው በኩል ባለው የግድግዳ ክፍተት አይቻለሁ። ሰው ሰሌን ይዞ ሲገባ ያለቅሳል፤ ሰሌኑ ሲዘረጋ ዝም ብሎ ጠርዙን በጣቱ ይዳስሳል፤ የጥለቱን ድርብ ቆጥሮ ሲጨርስ ለቅሶው ይቀጥላል። በጠቅላላው አሥራ አንድ ሰሌን መጣ። እኛ ትንሽ ደሴት ነን፤ ከዚህ በላይ የለንም። ከአሥራ አንዱ አንዷ ሴት አያቴ ከመሞቷ በፊት የሠራቻት ናት፤ በእሳቱ ቀን አባቴ ከቤቱ ይዞ የወጣው እሷን ብቻ ነበር። ሊሲአቴ እሷን ሁለቴ ዳሰሳት።

በማግስቱ ጠዋት ልንቀብር ነው። መቃብሩ ከሐይቁ ዳር ተቆፍሯል። እኔ ከምድጃው ድንጋይ ሳወጣ ፔኒሲማኒ መጣና ቆመ። ወንድሜ ረጅም ነው፤ ማዕበል የማይፈራ ሰው ነው። እንደ ተገረፈ ልጅ ነበር የቆመው።

«ምን ሆንክ?»

«ኤዋ እንወስደዋለን እያለ ነው።»

«ማንን?»

«አባባን። መርከቡ እኩለ ቀን ላይ ይነሳል። ኤዋ ትልቅ ለቅሶ ይደረግለት፣ እዚህ ያለው ለቅሶ ለአጎቴ ውርደት ነው አለ። እዚያ ዘመዱ ብዙ ነው አለ። ከእናቴ ጎን ይቀበር አለ።»

አኬሳ ቀና አለች። «ከፊፊታ ጎን? ከእህቱ? ወንድምና እህት ካደጉ ጀምሮ በአንድ ጣሪያ ሥር አድረው የማያውቁትን፣ ሲሞቱ አንድ አልጋ ሊያነጥፍላቸው ነው? ይሄ ልጅ ደንቡን የተማረው ከሰሌን ብቻ ነው ማለት ነው!»

ያኔ ገባኝ። እዚህ አሥራ አንድ ነው። ኤዋ ላይ ግን ከእሳቱ በኋላ የቀረው ሕዝባችን በሙሉ አለ፤ እያንዳንዱ ቤት ለናኡፋሁ ለቅሶ ሰሌን ይዞ ይመጣል፤ ሁሉም ሬሳው ራስጌ ለተቀመጠው ፋሁ ይዘረጋል። አባቴ ለእሱ ወጥመድ ላይ የሚታሰር ሥጋ ነበር።

«አንተ ምን አልከው?» አልኩት ወንድሜን።

«እሺ አልኩ።»

«እሺ አልክ?»

«ፋሁ ነው እኮ ፉሲ። ምን ልበል?»

«ወንድ ብትሆን የምትለው ነበረህ።»

«እኔ ወንድ ነኝ።»

«ጀልባ ላይ።»

 አላዘንኩለትም። አባቱ ሐይቁን እያየ የተኛበትን አራት ዓመት በሙሉ ያውቃል፤ አንድ የመዘምራን አለቃ ጣቱን ሲቀስርበት ግን እሺ ይላል። ወንዶቻችን እንዲህ ናቸው፤ ለማዕበል ደረት፣ ለሰው ጀርባ።

አኬሳ ልጣጩን ከጭኗ አራገፈች። «እሺ ማለቱስ ደግ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ለፋሁ እሺ ነው የሚባለው። ግን ማን ሊሸከመው ነው?»

ሁለታችንም አየናት።

«እኔ እንጃ» አለች። «እኔ የወንድሙ ሚስት ነኝ፤ የበታች ነኝ፤ አልነካውም። አንቺ ልጁ ነሽ፤ አትነኪም። እሱ ልጁ ነው፤ አይነካም። ጀልባው ላይ ያሉት ሁሉ የወንድሞቹ ልጆች ናቸው። ፋሁ ባይኖር የማዶ መንደር ሰዎችን እንለምን ነበር፤ ፋሁ እያለ ግን ባዳ እጁን ሊያስገባ ነው? ነውር አይደለም እንዴ?»

ወንድሜ የሚስቅ መሰለኝ። አልሳቀም፤ ግን ቀና አለ።

ሄጄ በሩ ላይ፣ ውጭ፣ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የታጠቅሁት ሰሌን እስከ አገጬ ይደርሳል። ሊሲአቴ ራስጌ ተቀምጦ የአሳማ ጎን ይበላ ነበር። ከልጅነታችን ጀምሮ አንተ አንቺ እንባባላለን። ያን ቀን ግን ዝቅ አልኩለት።

«ጌታችን» አልኩት፣ «አባቴን እንደሚወስዱት ሰማን። ፈቃድዎ ነው።»

አፉን ጠረገ። «እንዲህ ነው ጨዋ ልጅ! እኔ እኮ ለክብሩ ብዬ ነው ፉሲ። እዚህ ምን አለ? ድንጋይና ወፍ።»

«እውነትዎን ነው፤ ምንም የለም። አንድ ነገር ብቻ አስቸገረን። እኛ የእርስዎ አፈር ነን፤ የአጎትዎን አካል ልንነካ አንደፍርም። የሚያነሱት እርስዎ ነዎት።»

ማላመጡን አቆመ። «ወንዶቹስ?»

«ወንዶቹም አፈር ናቸው።»

«ይሄ የድሮ ነገር ነው እኮ! አሁን በዚህ ዘመን...»

«የድሮውን እኛ ባናከብር ኖሮ እርስዎ እዚያ ባልተቀመጡ ነበር» አልኩት። «ሰሌኖቹም ባልመጡ።»

በዙሪያው የተቀመጡት አሮጊቶች አንገታቸውን ደፉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ለቅሶ ይሁን ሳቅ እንጃ። ሊሲአቴ የአሳማውን አጥንት አየው፣ ሰሌኖቹን አየ፣ ፓስተሩን አየ።

«ፓስተር፣ እርስዎ ባዳ ነዎት፤ ያግዙኛል አይደል?»

ፓስተር ማካ ደግ ሰው ነው፤ ወገቡን ያመዋል። «እግሩን እይዛለሁ» አለ። «ከድንጋዩ በላይ ግን አልሄድም። ጀልባ ላይ መዝለል የተውኩት ገና ሚስቴ ሳትሸብት ነው።»

እንዲህ ሆኖ ወረድን። በደሴታችን የሣጥን እንጨት የለም፤ አባቴ በቅርፊት ልብስ ተጠቅልሎ፣ ላዩ ላይ ሲተኛበት የኖረው አሮጌ ሰሌን ተጠቅልሎ፣ በኮኮናት ገመድ ታስሮ ነበር። ሊሲአቴ የአባቴን ራስ ይዞ ወደ ኋላ ይራመዳል፤ ፓስተሩ እግሩን። ሰሌኖቹን ግን ቀድሞ ነው ያስጫናቸው። አሥራ አንዱም በልብስ ተሸፍነው፣ እርጥበት እንዳያገኛቸው ጀልባዋ መሃል ተቀምጠዋል። አጎቱ ገና ዳገት ላይ ሳለ ሰሌኖቹ ባሕር ላይ ነበሩ።

እኛ ከኋላ ተከተልን። ሦስት ጊዜ አሳርፎ ተነፈሰ። አንዴ «ምነው ይሄን ያህል ከበደ፣ ታሞ አልከሳም ነበር እንዴ?» ሲል አኬሳ ከኋላዬ፣ «መሄድ ካልፈለገ ይከብዳል፤ የሞተ በሬ መሰለው እንዴ?» አለች።

ጥቁሩ ድንጋይ ጫፍ ላይ ደረሱ። ይህ ድንጋይ የዚያ የ1946 እሳት ምላስ ነው፤ ባሕር ገብቶ የቀዘቀዘ። ያን ቀን ባሕሩ ተቆጥቷል። ፔኒሲማኒ መቅዘፊያውን ይዞ ጀልባዋን አስጠጋ። ማዕበሉ ገፋት፣ ወጣች፣ ወጣች፣ ከድንጋዩ እኩል ሆነች።

«አሁን!» አለ ወንድሜ።

ሊሲአቴ የአባቴን ራስ ደረቱ ላይ አቅፎ ቆሞ ቀረ። ጀልባዋ ወረደች።

«ምነው ወንድሜ?» አለ ፔኒሲማኒ ከሥር።

«አልተመቸኝም! ጠጋ አድርጋት!»

«ከዚህ በላይ ብጠጋ እንሰበራለን። ስትወጣ ዝለል። እኔ አባቴን መቀበል ስለማልችል አጥብቀህ ያዘው።»

ደግማ ወጣች። «አሁን!» አልዘለለም። ደግማ። ላቡ በአባቴ ሰሌን ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ፓስተሩ እግሩን እንደያዘ «ልጄ፣ ወይ ዝለል ወይ እንመለስ፤ ወገቤ...» አለ። መርከቡ ጮኸ። ካፒቴኑ ኮኮናቱን ጭኖ ጨርሷል፤ ማንንም አይጠብቅም።

ሊሲአቴ ወደ እኛ ዞረ። ፊቱ ላይ ያየሁትን እስካሁን አልረሳውም፤ ለማኝ ሳይ ትዝ ይለኛል። «ፉሲ» አለኝ፣ «አንድ ሰው... አንድ ሰው ይያዝልኝ።»

«አፈር ነን» አልኩት።

መርከቡ ደግሞ ጮኸ። ሊሲአቴ ጀልባዋን አየ፤ መሃሏ ላይ ያሉትን ሰሌኖች አየ። ከዚያ አጎቱን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠው። አስቀመጠው አልኩ እንጂ ለቀቀው። ጀልባዋ ስትወጣ ማንም አሁን ሳይለው፣ ባዶ እጁን፣ እንደ ፍየል ዘለለ። ሰሌኖቹ ላይ አረፈ። አራት ዓመት ሙሉ አጎቱ ጋ ለመድረስ ባሕሩ ከብዶት የነበረ ሰው ነው ያ።

ፔኒሲማኒ ሊመለስ ቢፈልግም ፋሁው «ቅዘፍ! ቅዘፍ!» ይለዋል። ቀዘፈ።

አባቴ ድንጋዩ ላይ ቀረ። ሁላችንም ከእሱ ጥቂት እርምጃ ርቀን ቆመን እናያለን፤ ልጆቹ፣ የወንድሞቹ ልጆች፣ ሁላችንም የበታች። ፓስተሩ ብቻውን እግሩን ይጎትታል፤ አልቻለም። አንዱ ወደ ማዶ መንደር ሰው ሊጠራ ሮጠ። ማዶ መንደር ከሐይቁ ወዲያ ነው፤ ደርሶ እስኪመለስ ፀሐይ ትዘቀዝቃለች። የሚቀጥለው ማዕበል መጣ፤ ድንጋዩን ወጥቶ የአባቴን ሰሌን አረጠበ። ሲመለስ ትንሽ ጎተተው። ማንም አልተንቀሳቀሰም። አንዱ የአጎቴ ልጅ፣ ባለ ሦስት ልጅ አባወራ፣ ቆሞ ያለቅሳል። እያለቀሰ ያያል። ደንብ እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ ፈሪውም አክባሪውም እኩል ቆሞ ይታይበታል፣ ማን ማን እንደሆነ አይለይም።

ሄጄ ራሱን አነሳሁት።

ከገመዱ ሥር እጄን አስገብቼ፣ በሁለት እጄ፣ ጉልበቴ ላይ አሳረፍኩት። በሰሌኑና በቅርፊቱ ልብስ ውስጥ የጆሮውን ቅርጽ አገኘሁት። ትንሽ ነው። የአባቴ ጆሮ ትንሽ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

 ከዚያ አኬሳ ጮክ ብላ፣ «እስቲ ሁላችሁም ባሕሩን እዩ! መርከቡ እንዴት ያምራል!» አለች። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩ። ፓስተሩ እግሩን፣ እኔ ራሱን ይዘን ዳገቱን ወጣን። ወገቡን ያመዋል ያልኩት ሰው አንዴም አሳርፊኝ አላለኝም።

ከሐይቁ ዳር ቀበርነው። አፈሩ ሲጫን እጄን አስገባሁ፤ ይሞቃል።

ሬሳ የነካ የበታች ሰው ለቅሶው እስኪያበቃ በእጁ አይበላም። አኬሳ አጎረሰችኝ። በእያንዳንዱ ጉርሻ ትሰድበኛለች፦ «እጅሽ ይቁሰል! ፀጉርሽ ይርገፍ! ዋጪ! አባቷን የነካች ልጅ አይቼ አላውቅም፤ ዋጪ እንጂ፣ ደግሞ ዓሣውን አላምጪ፣ አጥንት አለው!»

ፔኒሲማኒ መርከቡን ሸኝቶ ሲመለስ ድንጋዩ ባዶ ነበር። ወደ ምድጃው መጥቶ ቆመ።

«ማን አነሳው?» አለ።

አፌ በጎደሬ ተሞልቶ ነበር። «ማዕበሉ» አለችው አኬሳ። «ተቀመጥ፤ አንተም ብላ።»

ተቀመጠ። ከእኔ ጎን ነበር የተቀመጠው፤ እጆቼን ሲያይ አየሁት። በማግስቱ ጥቁር ጠጠሩን ከባሕር ዳር እየለቀመ መቃብሩ ላይ የደረደረው እሱ ነው። ይህን ስለሠራ ይቅር አላልኩትም፤ ግን ጠጠሮቹን በደንብ አጥቦ ነው የደረደራቸው።

ሊሲአቴ ኤዋ ደርሶ ያለ ሬሳ ለቅሶ ተቀመጠ። አጎቴን በእነዚህ እጆቼ ተሸክሜ ባሕሩ ነው የከለከለኝ ብሎ አለቀሰ አሉ። የሰፈሩ ሰው በሙሉ መጣ፤ ከሁለት መቶ በላይ ሰሌን ተዘረጋለት። የአያቴን ሰሌን አንጥፎ፣ በመስከረም ልጁን ዳረ።